እንጨት በዓሣ ገንዳ ውስጥ፦ የፎገራ ሜዳ ዓሦችን ለማጥናት የሚመረጥ ግንድ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

በንጹህ ውሃ የዓሣ ገንዳ (አኳሪየም) ውስጥ የሚቀመጥ የተፈጥሮ እንጨት ብዙ ጊዜ የሚታየው እንደ ጌጥ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ እንጨቱ የውሃውን ኬሚስትሪ፣ የሟሟ ኦክስጅን መጠንና የዓሣውን ጠባይ የሚለውጥ በመሆኑ ከጌጥነቱ ይልቅ የጥናቱ አንድ ተለዋዋጭ ተደርጎ መወሰድ እንዳለበት ያስረዳል። ለምሳሌነት የተወሰደው የፎገራ ሜዳ ነው። በጉማራና በርብ ወንዞች የሚኖሩትን ወይም የሚራቡትን ዓሦች በመስታወት ገንዳ ለመከታተል የሚነሣ ተመራማሪ የመጀመሪያው ጥያቄው «ምን ዓይነት ዛፍ ነው?» የሚለው ሊሆን ይገባል። በአካባቢው ካሉት ዛፎች አንዱ፣ ብርብራ፣ በዚያው ወንዝ ዓሣ ለመግደል ሲያገለግል የኖረ ነውና። ጽሑፉ የእንጨቱን አመራረጥ፣ አነሣሥ፣ አዘገጃጀትና ፍተሻ በቅደም ተከተል ካቀረበ በኋላ የትኛው ዓሣ እንጨት እንደሚሻና የትኛው እንደማይሻ ይለያል።

ቁልፍ ቃላት፦ አኳሪየም፣ እንጨት፣ ታኒን፣ ብርብራ፣ ጉማራ፣ ላቤዮባርበስ፣ ጋራ

1. መግቢያ

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ለጥ ያለ መሬት ነው። ወረታ ከተማ በዚሁ ሜዳ ላይ ትገኛለች። ከጉና ተራራ አካባቢ የሚነሡት ጉማራና ርብ ሜዳውን አቋርጠው ወደ ጣና ይገባሉ፤ በክረምት ከአፋቸው ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። ሕዝብ ፎገራን በከብቱ ዝርያና በሩዙ ያውቀዋል፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም መቀመጫው ወረታ ነው። ለዓሣ ተመራማሪ ግን ሜዳው ሌላ ትርጉም አለው። በጣና ሐይቅ የሚኖሩና በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ በርካታ የነጭ ዓሣ (ላቤዮባርበስ) ዝርያዎች ዕንቁላላቸውን ለመጣል በክረምቱ ወራት ወደ ላይ የሚወጡት በእነዚህ ወንዞች ነው።

የጣና ላቤዮባርበስ ቤተሰብ 15 ዝርያዎች እንዳሉት ተመዝግቧል። ሌዎ ናግልከርከ እ.ኤ.አ. በ1997 ለዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት የዝርያዎቹን ቅርጽና የአመጋገብ ክፍፍል በዝርዝር አሳይቷል። 40 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሐይቁን ከታችኛው የዓባይ ተፋሰስ ስለለየው ዓሦቹ ለብቻቸው ተለያይተው አድገዋል። ይህ ሀብት ግን ተመናምኗል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያና መጨረሻ የተወሰዱ ናሙናዎች ሲነጻጸሩ የእነዚህ ዓሦች ክምችት በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱ ታይቷል፤ የጫጩቶቹ መቀነስ ደግሞ ከዚያም የከፋ ነበር።

ቁጥሩ እንዲህ በቀነሰ ዓሣ ላይ የሚደረግ የገንዳ ጥናት ለስሕተት ሰፊ ቦታ የለውም። ከወንዝ የተያዘ አንድ ጫጩት በገንዳ ውስጥ ሲሞት፣ የሞቱ ምክንያት የሙቀት ለውጥ ይሁን፣ የአያያዝ ጉዳት ይሁን፣ ወይስ «ለማሳመር» የገባው ግንድ ያፈሰሰው ንጥረ ነገር፣ ተመራማሪው መለየት ካልቻለ ዓሣውንም መረጃውንም አጥቷል። ስለዚህ እንጨቱ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ከውበት ጥያቄ ይቀድማል።

2. የእንጨት ጌጥ ልማድና የትውልድ ቦታው

ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚታየው፣ ግንድና ድንጋይ ከውሃ ተክል ጋር የተዋሐዱበት የገንዳ አሠራር በሰፊው የታወቀው በጃፓናዊው ፎቶግራፍ አንሺ ታካሺ አማኖ ሥራዎች ነው። አማኖ እ.ኤ.አ. በ1982 ያቋቋመው ድርጅት የገንዳ ዝግጅትን እንደ መልክዓ ምድር ሥዕል እንዲታይ አድርጎታል። ከዚህ ጎን ለጎን የሚሄደው ሌላው ልማድ የደቡብ አሜሪካን «ጥቁር ውሃ» የሚመስል ገንዳ ማዘጋጀት ነው። በብራዚል የሪዮ ኔግሮ ውሃ ከደኑ በሚታጠብ ቅጠልና እንጨት እንደ ሻይ የጠቆረ፣ ጨው አልባ ለመባል የደረሰ፣ ፒኤቹም ከ5 በታች የሚወርድበት ጊዜ ያለው ነው። በዚያ ለተፈጠሩ ትናንሽ ዓሦች በእንጨት የጠቆረ ገንዳ እንደ አገር ቤት ነው።

የፎገራ ዓሣ አገር ቤት ግን ሌላ ነው። የጣናና የገባሮቹ ውሃ የሚፈልቀውና የሚፈሰው በጥቁር ድንጋይ (ባዛልት) ምድር ላይ ነው፤ ፒኤቹ ገለልተኛ ወይም በመጠኑ አልካላይን ነው። ክረምት ላይ ውሃው የሚጨልመው በታኒን ሳይሆን ከተራቆተው ተዳፋት በሚታጠብ አፈር ነው። የሻይ ቀለምና የጭቃ ቀለም ለዓይን ሁለቱም «ድፍርስ» ቢመስሉም በኬሚስትሪ አይገናኙም። የመጀመሪያው በውሃ ውስጥ የሟሟ ኦርጋኒክ ካርቦን ሲሆን ሁለተኛው ተንሳፋፊ የሸክላ ቅንጣት ነው። ስለዚህ ለአማዞን ዓሣ የተጻፈን መመሪያ ለጉማራ ዓሣ እንዳለ መገልበጥ ዓሣውን ወደማያውቀው ውሃ ማስገባት ይሆናል።

3. እንጨት ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚሆነው

3.1 መንሳፈፍና መስጠም

የማንኛውም እንጨት የሕዋስ ግድግዳ ጥግግት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 1.5 ግራም ገደማ ነው። እንጨት የሚንሳፈፈው በሕዋሶቹ ውስጥ ባለው አየር ምክንያት ነው። ደረቅ ጥግግቱ 0.5 የሆነ እንጨት ከይዘቱ ሁለት ሦስተኛው ባዶ ቦታ ነው፤ ይህ ቦታ ሙሉ በሙሉ ውሃ ሲሞላ ጥግግቱ ወደ 1.17 ስለሚደርስ ግንዱ ይሰጥማል። በሕዋሶቹ ውስጥ ያለው አየር ግን ቶሎ አይወጣም፤ እንደ ግንዱ ውፍረት ሳምንታት ወይም ወራት ይወስዳል። እንደ ወይራ ያለ ጠንካራ እንጨት ባዶ ቦታው ጥቂት በመሆኑ ቶሎ ይሰጥማል። ግንዱን በዝርግ ጥቁር ድንጋይ ላይ በማይዝግ ብሎን ማሰር ጊዜውን ለመጠበቅ ለማይችል ሰው ቀላል መፍትሔ ነው። ባዛልት የካርቦኔት ማዕድን የሚለቅ ድንጋይ ስላልሆነ የውሃውን ጥንካሬ አይለውጥም።

3.2 ታኒንና ፒኤች

እንጨት ተዘፍዝፎ የፈሳሹን ጠባይ እንደሚለውጥ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ጠጅ በጌሾ እንጨት የሚጠመቀው ለዚህ ነው። ቆዳ ፋቂም የግራርን ቅርፊት ዘፍዝፎ የሚጠቀመው ታኒን ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ቆዳውን ስለሚያጠነክር ነው። በዓሣ ገንዳ ውስጥም ይኸው ታኒን ከሌሎች ፌኖላዊ ውሕዶች ጋር ከግንዱ ይወጣል፤ ውሃውን ያጠቁራል፤ ደካማ አሲድ እንደመሆኑም ፒኤችን ወደ ታች ይገፋል።

ግፊቱ ምን ያህል ውጤት እንደሚያመጣ የሚወስነው ግን ግንዱ ብቻ ሳይሆን የውሃው አልካሊኒቲ ጭምር ነው። ለማስረዳት ያህል 100 ሊትር የሚይዝ ገንዳ እንውሰድ። የውሃው አልካሊኒቲ በካልሲየም ካርቦኔት ልክ 60 ሚሊ ግራም በሊትር ከሆነ፣ ይህ በሊትር 1.2 ሚሊ ኢኩቫለንት ማለት ነው። ይህን ሁሉ ለመጨረስ በጠቅላላው 120 ሚሊ ኢኩቫለንት አሲድ ያስፈልጋል፤ በጋሊክ አሲድ ቢሰላ 20 ግራም ያህል ንጹህ አሲድ ይሆናል። አልካሊኒቲው 10 ሚሊ ግራም ብቻ በሆነ የዝናብ ውሃ መሰል ገንዳ ግን 3.4 ግራም ይበቃል። ስለዚህ ያው ግንድ በአንዱ ገንዳ ቀለም ብቻ ሲሰጥ በሌላው ፒኤችን ሊያፈርስ ይችላል። ክረምት ላይ ከጣሪያ በተጠራቀመ ውሃ ገንዳ የሚሞላ ሰው ይህን ልዩነት ልብ ሊለው ይገባል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ነጥብ አለ። ከዓሣ ቆሻሻ የሚመነጨው አሞኒያ መርዝነቱ በፒኤች ላይ ይመሠረታል። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ፒኤች 8 ላይ ከጠቅላላው አሞኒያ 5 በመቶ ገደማ መርዛማ በሆነው ቅርጹ ይገኛል፤ ፒኤች 7 ላይ ግን ከ1 በመቶ በታች ነው። አንዳንድ የገንዳ ባለቤቶች ከዚህ ተነሥተው እንጨትን እንደ መድኃኒት ይቆጥሩታል። ሆኖም በቂ አልካሊኒቲ ባለው ውሃ እንጨቱ ፒኤችን እምብዛም አይነካም፤ አልካሊኒቲው ባለቀበት ውሃ ደግሞ አሞኒያን የሚያስወግዱት ባክቴሪያዎች ራሳቸው ይዳከማሉ። የአሞኒያ መፍትሔ የውሃ ለውጥና በሚገባ የዳበረ ማጣሪያ እንጂ ግንድ አይደለም።

3.3 ኦክስጅን

አዲስ እንጨት ውሃ ውስጥ ሲገባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነጭ፣ ዝልግልግ ሽፋን ያወጣል። ይህ ከእንጨቱ የሚወጣውን ስኳርና ቀላል ካርቦን የሚበሉ ፈንገሶችና ባክቴሪያዎች ስብስብ ነው። ሽፋኑ በራሱ መርዝ አይደለም፤ ቀስ በቀስም ይጠፋል። ነገር ግን ኦክስጅን ይጠቀማል።

በባሕር ጠረፍ ያለ የገንዳ ባለቤት ይህን ላያስተውለው ይችላል። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በባሕር ወለል ላይ ውሃ እስከ 8.3 ሚሊ ግራም በሊትር ኦክስጅን ይይዛል። በ1,800 ሜትር ከፍታ ግን የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ጣሪያው ወደ 6.6 ይወርዳል። ማለትም በወረታ የሚዘጋጅ ገንዳ ሥራውን የሚጀምረው ከኦክስጅኑ አንድ አምስተኛውን አጥቶ ነው። በዚህ ላይ አዲስ ግንድና ሌሊት የሚተነፍስ የውሃ ተክል ሲጨመሩ ንጋት ላይ የሚለካው መጠን ወንዝ ለለመደ ዓሣ ሊያንስ ይችላል። ከዚህ የተነሣ ያልተዘጋጀ እንጨት ከዓሣ ጋር በአንድ ቀን ወደ ገንዳ መግባት የለበትም፤ የአየር መንፊያም አስፈላጊ ነው።

3.4 ስስ ሕያው ንጣፍ

የመጀመሪያው ነጭ ሽፋን ካለፈ በኋላ በእንጨቱ ላይ የሚቀረው ስስ ንጣፍ (ባዮፊልም) ጠቃሚ ነው። ባክቴሪያ፣ አልጌና ደቂቅ እንስሳት በአንድነት የሚኖሩበት ይህ ንጣፍ ከፊሉ አሞኒያን ወደ ናይትሬት ይለውጣል፤ ከፊሉም ለሚግጡ ዓሦች ምግብ ይሆናል። የእንጨት ሸካራ ገጽ ከመስታወት ይልቅ ለዚህ ንጣፍ ይመቻል። እንጨት በገንዳ ውስጥ ከዓይን ደስታ የተሻገረ ጥቅም አለው ከተባለ ዋናው ይህ ነው።

4. የዛፉ ማንነት

እስከዚህ የተባለው ስለ ማንኛውም እንጨት ነው። ዛፎች ግን እኩል አይደሉም፤ ለፎገራም ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው።

ብርብራ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ዛፍ ነው። ለቡና ጥላና ለመሣሪያ እጀታ የሚውል፣ በወንዝ ዳርም የሚበቅል ዛፍ ነው። ዘሩ ሮቴኖንና ተዛማጅ ውሕዶች አሉት። ሮቴኖን በዓሣው ስንጥብ በኩል በፍጥነት ወደ ደም ገብቶ ሕዋሶች ኦክስጅንን ተጠቅመው ኃይል የሚያመነጩበትን የመጀመሪያውን ደረጃ ይዘጋል፤ ዓሣው በውሃው ውስጥ ኦክስጅን እያለ ታፍኖ ይሞታል። ይህን ጠባዩን የአካባቢው ሰው ከላቦራቶሪ በፊት ያውቀዋል። ዘሩ ደርቆና ተፈጭቶ በወንዝ ላይ ሲበተን ዓሣው ወደ ላይ ተንሳፎ ይለቀማል። ይህ ዓሣ የማጥመድ ዘዴ በጣና ገባሮች ላይ፣ በተለይም ዓሦቹ ዕንቁላል ሊጥሉ ተሰብስበው በሚወጡበት ወቅት ሲሠራበት ቆይቷል። አበበ አመሃ እ.ኤ.አ. በ2004 ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የማስተርስ ጥናት ርእሰ ጉዳዩ ይኸው ነበር፤ ብርብራ በጉማራ ወንዝ ነጭ ዓሦች ላይ የሚያደርሰው ጉዳት።

መርዙ ጎልቶ የሚታወቀው በዘሩ ነው፤ በሌሎቹ የዛፉ ክፍሎች ያለው ይዘት እንደ ክፍሉ ይለያያል። ለዓሣ ገንዳ ግን ይህ ልዩነት ለክርክር የሚሆን አይደለም። ከጉማራ የተያዘን ዓሣ ከብርብራ ግንድ ጋር ማኖር፣ ወይም በብርብራ ዛፍ ሥር የተነሣን ዘር የተጣበቀበት ቅርንጫፍ ማስገባት፣ ያለ ምንም ጥቅም አደጋን መጋበዝ ነው።

ብርብራ ብቻውን አይደለም። ቁልቋልና ቅንጭብ ሲቆረጡ የሚያወጡት ወተት መሰል ፈሳሽ ዓሣን ይጎዳል። እንዶድም የሚጠቀስ ምሳሌ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ አካባቢ እንዶድ የቢልሃርዝያን ጥገኛ ትል የሚሸከሙትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል አስተዋለ፤ ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ሳፖኒን ግን ዓሣንም አይምርም። ጽድ መዓዛማ ዘይትና ሙጫ ስላለው አይመረጥም። በደቡብ ጎንደር ከሁሉ በብዛት የሚገኘው ባሕር ዛፍም ዘይትና ከፍተኛ ፌኖል ያለው ነው፤ በአውስትራሊያ ወንዞች የባሕር ዛፍ ቅጠል ክምር በጎርፍ ሲዘፈዘፍ ውሃው ጠቁሮ ኦክስጅን አልቆ ዓሣ የሚሞትበት ክስተት በሚገባ የታወቀ ነው።

በአንጻሩ ለሙከራ ሊታጩ የሚችሉ እንጨቶች አሉ። የዘይቱን (ዘይቶን የሚባለው ፍሬ ዛፍ) ቅርንጫፍ በሌሎች አገሮች የገንዳ ባለቤቶች ይጠቀሙበታል። ወይራ ጥቅጥቅ ያለና የማይበሰብስ ነው። ዶቅማ በወንዝ ዳር የሚበቅል በመሆኑ ግንዱና ሥሩ ከውሃ ጋር የኖረ ነው። «ሊታጩ ይችላሉ» ማለት ግን «ይሁንታ አግኝተዋል» ማለት አይደለም፤ እነዚህም በክፍል 6 የተመለከተውን ፍተሻ ማለፍ አለባቸው።

5. እንጨቱ ከየት ይነሣ?

ክረምት አልፎ የጉማራና የርብ ውሃ ሲጎድል በዳርቻው ላይ ጎርፍ ያመጣው ግንድና ሥር ተጋድሞ ይገኛል። ይህ እንጨት ለዓይን የተዘጋጀ ይመስላል፤ ቅርፊቱ ተልጧል፤ ቀለሙ ነጥቷል። ሦስት ጥንቃቄዎች ግን ያስፈልጉታል። 

አንደኛው የዛፉ ማንነት ነው። ቅርፊትና ቅጠል የሌለውን ግንድ ከየትኛው ዛፍ እንደመጣ ለመለየት የእንጨት አወቃቀር ዕውቀት ይጠይቃል። ማንነቱ ያልታወቀ ግንድ ምንም ቢያምር ዓሣ ባለበት ገንዳ አይገባም።

ሁለተኛው አብሮት የሚመጣው ነው። በጣና ዳርቻ የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣ ይኖራል፤ በእርጥብ ግንድ ስንጥቅ ተደብቆ ወደ ላቦራቶሪ ሊገባ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና መስፋፋቱ የታወቀው እንቦጭም ዘሩ በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሕይወቱን ጠብቆ ይቆያል። ከጣና የተነሣ ጭቃማ ግንድ ወደ ሌላ የውሃ አካል ቢወሰድ ወይም የታጠበበት ውሃ ወደ ቦይ ቢደፋ ችግሩን ማዛመት ይሆናል። እንጨት የሚያነሣ ሰውም ቦቲና ጓንት ማድረግ አለበት።

ሦስተኛው እንጨቱ የጠጣው ነው። እንጨት ቀዳዳማ ነውና የተኛበትን ውሃ ይጠጣል። ከሩዝ ማሳ ማፋሰሻ ቦይ የተነሣ ግንድ የአረምና የተባይ ማጥፊያ ቅሪት ሊይዝ ስለሚችል፣ ከወራጅ ውሃ ዳር የተነሣው ይመረጣል።

አገር በቀል ዛፍ በሜዳውና በዙሪያው ባለው ደጋ ተመናምኗል። ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 ያጠናቀቀው የዶክትሬት ጥናት በስፋት እንዳሳየው፣ በደቡብ ጎንደር የቀሩት አገር በቀል ዛፎች በአመዛኙ የተጠለሉት በቤተ ክርስቲያን ደኖች ነው። ከእነዚህ ደኖች ለገንዳ ጌጥ የወይራ ቅርንጫፍ መቁረጥ በሳይንስም በአካባቢው ሥርዓትም ተገቢ አይደለም። ወንዙ ውስጥ የተኛ ግንድም ቢሆን ለዓሣ ጫጩት መጠለያ ነው፤ ከተነቃነቀ ቦታው ባዶ ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ የሚሻል ምንጭ በገበሬው ግቢ አለ። ያረጀ ድግር፣ የተሰበረ እርፍ፣ የተጣለ የመጥረቢያ እጀታ ከጠንካራ እንጨት የተሠራ፣ ለዓመታት የደረቀ፣ የዛፉ ስምም በባለቤቱ የሚታወቅ ነው። «ይህ ምን እንጨት ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ተማሪ አራሹ ያለ መጽሐፍ መልስ ይሰጠዋል። ቅባት ወይም ኬሚካል ያልነካው መሆኑ ብቻ ይረጋገጥ።

6. አዘገጃጀትና ፍተሻ

እንጨቱ ከተመረጠ በኋላ የሚከተሉት ተግባራት በቅደም ተከተል ይፈጸማሉ።

ሀ) ቅርፊቱና የበሰበሰው ክፍል ተልጦ ይወገዳል፤ ጭቃው በብሩሽ ይታጠባል። ሳሙና አይነካውም።

ለ) እንጨቱ በፀሐይ ለሳምንታት ይደርቃል። መድረቁ ቀንድ አውጣንና ዕንቁላሉን ይገድላል።

ሐ) ከዚያ ይቀቀላል። በወረታ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሆነ፣ በሌላ አገር መመሪያ የተጻፈውን ሰዓት ማራዘም ይገባል። ወፍራም ግንድ መሐሉ እስኪሞቅ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ቀቅሎ ውሃውን መድፋትና መድገም ታኒኑንም ይቀንሳል።

መ) በባልዲ ተዘፍዝፎ ውሃው በየጥቂት ቀኑ ይለወጣል፤ ቀለሙ እስኪሳሳ ይቀጥላል።

ይህ ዝግጅት ታኒንንና ተባይን ይቀንሳል፤ የመርዛማ ዛፍን ጠባይ ግን እንደሚያስወግድ ዋስትና አይሰጥም። ስለዚህ ፍተሻ ያስፈልጋል። ቀላል ንድፍ እንደሚከተለው ነው። ዓሣው ከሚያዝበት ቦታ የተቀዳ ውሃ በስድስት ተመሳሳይ ማሰሮዎች ይሞላል፤ በሦስቱ በሊትር 10 ግራም ደረቅ እንጨት ይገባል፤ ሦስቱ ያለ እንጨት ለማነጻጸሪያ ይቀመጣሉ። በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን ፒኤች፣ አልካሊኒቲ፣ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነትና ንጋት ላይ ያለው የሟሟ ኦክስጅን ይለካል። ስፔክትሮፎቶሜትር ባለበት፣ በ254 ናኖ ሜትር የሚለካው የብርሃን መዋጥ ከእንጨቱ ለሚወጣው ቀለበታዊ ኦርጋኒክ ውሕድ ጥሩ አመልካች ነው።

ከዚህ ቀጥሎ በተዘፈዘፈበት ውሃ ውስጥ ዳፍንያ የተባለው ደቂቅ የውሃ እንስሳ ለ48 ሰዓት ይቀመጣል። በእንጨቱ ውሃ የሚሞተው ከማነጻጸሪያው በግልጽ ከበለጠ እንጨቱ ይጣላል፤ ዓሣም በከንቱ አይሞትም። ዳፍንያውን ያላጠፋ እንጨት ብቻ ወደ ገንዳው ይገባል፤ በመጀመሪያም በብዛት በሚገኝና በሚረባ ዓሣ፣ ለምሳሌ በቆሮሶ ጫጩት፣ ለ96 ሰዓት ይታያል። በጣና ብቻ የሚገኝ ዝርያ የመጀመሪያው ተፈታኝ መሆን የለበትም።

7. የትኛው ዓሣ እንጨት ይሻል?

እንጨቱ ንጹህ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ለሁሉም ዓሣ አይስማማም።

ጋራ የተባሉት ትናንሽ ዓሦች ከአፋቸው በታች ባለ መጣበቂያ ንጣፍ ከድንጋይና ከእንጨት ላይ ተለጥፈው አልጌ ይግጣሉ። አበበ ጌታሁንና ሜላኒ ስታያስኒ ከሠሩት ምደባ ወዲህ በጣና ተፋሰስ አራት የጋራ ዝርያዎች ይታወቃሉ፤ ጋራ ጣና እና ጋራ ሬግሬሰስ ከእነዚሁ ናቸው። ሰውነታቸው ትንሽ በመሆኑ ለገንዳ ይመቻሉ፤ በሚገባ የዳበረ ንጣፍ ያለው እንጨትም ግጦሻቸው ነው። ለእንጨት ያለበት ገንዳ ከሁሉ የሚሻለው ተጠኚ ይህ ዓሣ ነው።

አምባዛ ቀን ቀን መሸሸግን ይወዳል፤ ጫጩቱ ከግንድ ሥር ያለን ጥላ ይፈልጋል። ሲያድግ ግን ከአንድ ሜትር ሊበልጥ የሚችል ዓሣ ስለሆነ በገንዳ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው። ቆሮሶ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ፣ በሣር መካከል ያድጋል፤ ወንዱ ለመራባት ወለሉን ቆፍሮ ጎድጓዳ ስለሚያበጅ ከእንጨት ይልቅ ክፍት አሸዋ ይሻል። ግንድ ወለሉን ቢሞላው ይህን ጠባዩን ማየት አይቻልም።

ነጭ ዓሣ በመጨረሻ የሚጠቀስ ቢሆንም የጽሑፉ መነሻ እርሱ ነው። ዕንቁላሉን የሚጥለው ፈጣን፣ ኦክስጅን በበዛበትና ንጹህ ጠጠር ባለበት የወንዝ ክፍል ነው። ጠጠሩ በደለል ሲታፈን ዕንቁላሉም ይታፈናል። እንግዲህ የጉማራን ነጭ ዓሣ ጫጩት ለማጥናት የሚዘጋጅ ገንዳ ጠጠርና ወራጅ ውሃ እንጂ ቀለም የሚያፈስ ግንድ አያስፈልገውም። መጠለያ ካስፈለገም ጥቁር ድንጋይ ይበቃል። ለዚህ ዓሣ ከሁሉ የተሻለው የእንጨት አጠቃቀም እንጨቱን መተው ነው።

8. መደምደሚያ

በዓሣ ገንዳ የሚገባ እንጨት ታኒን ያፈስሳል፣ ኦክስጅን ይሻማል፣ ንጣፍ ያሳድጋል፣ ዓሣውን ይሸሽጋል፤ አንዳንዱም ይገድላል። ስለዚህ በጥናት ሪፖርት ውስጥ የገንዳው መጠንና የውሃው ሙቀት እንደሚመዘገቡ ሁሉ የእንጨቱ ዛፍ ስም፣ ክብደት፣ ምንጭና የዝግጅት ጊዜ ሊመዘገቡ ይገባል። ይህ ካልሆነ በአንድ ላቦራቶሪ የታየው ውጤት በሌላው ለምን እንዳልተደገመ ማወቅ አይቻልም።

ለባሕር ዳርና ለደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲዎች ተመራቂ ተማሪዎች፣ እንዲሁም በባሕር ዳርና በሰበታ ላሉት የዓሣ ምርምር ማዕከላት፣ ከዚህ የሚመነጭ ግልጽ የምርምር ክፍተት አለ፤ በአካባቢው ያሉትን ዛፎች አንድ በአንድ ዘፍዝፎ በውሃ እንስሳት ላይ ያላቸውን ውጤት መለካትና በሠንጠረዥ ማውጣት። ሥራው ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ማሰሮ፣ ሚዛን፣ የፒኤችና የኦክስጅን መለኪያ ይበቁታል። የመጀመሪያው ዝርዝር ደግሞ ከገበሬውና ከዓሣ አጥማጁ ሊገኝ ይችላል። የትኛው ዛፍ ዓሣ እንደሚገድል ለዘመናት ያወቀ ማኅበረሰብ፣ የትኛው እንደማይገድልም ሊነግረን ይችላልና።